ያገለገለ ናፍጣ መኪና ለታክሲ፦ ታሪኩ የሚነግረን ሂሳብ

ባለፈው እሑድ አንድ የሰፈሬ ልጅ ቡና ላይ ጥያቄ ይዞ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ሚኒባስ ላይ ሾፍሯል፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ እያስገባ፣ የተረፈችውን ከረዳቱ ጋር እየተካፈለ። አሁን ዕቁብ ወጥቶለታል፤ እህቱም ከዓረብ አገር ትንሽ ጨምራለታለች።

«ጋሼ፣ ያገለገለ ናፍጣ ሚኒባስ ልገዛ ነው። ሁለት አይቻለሁ። አንዱ አሮጌ ነው፤ አንዱ አዲስ ሞዴል ሆኖ ኪሎ ሜትሩም ትንሽ ነው። የቱን ልያዝ?»

እኔ መካኒክ አይደለሁም። የማውቀው ታሪክ ነው። ግን ጥያቄው ከመቶ ዓመት ወዲህ በብዙ አገር ባለ ታክሲዎች ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ነውና መልሱን ከዚያው ከታሪኩ ልፈልግለት ሞከርኩ። ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩዶልፍ ዲዝል ነው። ይህ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የሠራው ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን እስኪግል ድረስ አምቆ ነዳጁን በላዩ ይረጫል፤ እሳቱ ራሱ ይነሳል። በዚህ የተነሳ ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚያወጣው ሥራ ከቤንዚን ሞተር ይበልጣል። ጉዳቱ ከባድ፣ ጯሂና ውድ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የመርከብ፣ የፋብሪካና የጭነት መኪና ሞተር ሆኖ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1936፣ የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ እየገሰገሰ ባለበት ወር፣ በርሊን በተከፈተው የመኪና ትርኢት ላይ መርሴዲስ 260 ዲ የሚባል መኪና ቀረበ። ለሽያጭ በብዛት ከተመረቱት የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ አውቶሞቢሎች አንዱ ነው። ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ሀብታም እንዲህ ያለ ቀርፋፋና ጯሂ መኪና ምን ያደርግለታል? የፈለጉት ባለ ታክሲዎች ናቸው። ተመሳሳዩ የቤንዚን መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ ሲጠጣ፣ ይኸኛው በ9.5 ሊትር ገደማ ይሄድ ነበር። ናፍጣውም ከቤንዚን ይረክስ ነበር።

ልብ በሉ፤ ባለ ታክሲው የገዛው ሞተሩን አይደለም። ልዩነቱን ነው የገዛው። መኪናው ሲገዛ ይወደዳል፣ በየቀኑ ግን ትንሽ ትንሽ ይመልሳል። በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ቶሎ ያተርፋል። ትንሽ የሚሄድ ሰው ግን ትርፉን ሳያየው መኪናው ያረጅበታል። ይህ የመጀመሪያው ሕግ ነው፦ ናፍጣ የሚያዋጣው ብዙ ለሚሄድ ሰው ነው።

ሁለተኛውን ሕግ የሚያስተምረን ግሪካዊው ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 የ1976 ሞዴል መርሴዲስ 240 ዲ ገዛ። ያገለገለ ነበር፤ ሲገዛው 220 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ተሰሎንቄ ውስጥ ታክሲ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም ሲያስረክበው የተቆጠረው ኪሎ ሜትር 4.6 ሚሊዮን ነበር። ከመሬት እስከ ጨረቃ ስድስት ጊዜ ገደማ ሄዶ መመለስ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴት ያለ ሞተር ነው!» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ሞተር ያን ሁሉ አልሄደም። ሰውዬው ሞተር ይቀያይር ነበር፤ የደከመውን አውርዶ ሲያሳድስ ሌላውን ጭኖ ይሠራል። መኪናው ያልሞተው ስላልተበላሸ አይደለም፤ ሲበላሽ በቀላሉ ስለሚፈታ፣ ዕቃው ስለሚገኝና ባለሙያው ስለሚያውቀው ነው። የሞሮኮ ከተሞችን ለአሥርት ዓመታት ያመላለሱት አሮጌ መርሴዲሶችም በዚሁ መንገድ ነው የኖሩት። ስለዚህ ሁለተኛው ሕግ፦ ለታክሲ የሚመረጠው የማይበላሽ መኪና ሳይሆን ሲበላሽ በማግስቱ ሥራ የሚገባ መኪና ነው። የቆመ ታክሲ ለባለቤቱ ምሳ አያበላም።

ወደ እኛ ከተማ እንምጣ። አዲስ አበባ ሰማያዊ በነጭ ታክሲዋን የጀመረችው በናፍጣ አይደለም። ትንሿ ፊያት ሴይቼንቶ በቤንዚን ነበር የምትሄደው። በኋላ የመጣችው ላዳም የፊያት 124 ልጅ ናት፤ እሷም ቤንዚን ነው የምትጠጣ። በመካከሉ ደግሞ ከኋላው ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ፔጆ 404 ነበር። በአብዮቱ ዘመን ከነበረው የውይይት መድረክ ጋር አመሳስሎ ሕዝቡ «ውይይት» አለው ይባላል። ጋራዦቻችን ዛሬም ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የሚሉት ሙያውን መጀመሪያ የተማሩት ከጣሊያንና ከጣሊያን መኪና ስለሆነ ነው።

ነዳጅ ለባለ ታክሲ ምን ማለት እንደሆነ ታሪካችን ራሱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ፣ የዘውዱ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ከተማዋ ቆመች። መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ መልሶ ቀነሰ፤ ግን ዘገየ። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አብዮቱን ብዙ ምክንያት ወልዶታል። ነገር ግን መንገድ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ መካከል የነዳጅ ሂሳብ አልወጣ ያለው ባለ ታክሲ ነበር።

ናፍጣ የአዲስ አበባን ታክሲ በሰፊው የያዘው በቶዮታ ሃይኤስ ነው። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የሚባሉት ሞተሮች፣ 2.4፣ 2.8ና 3 ሊትር፣ ሚኒባሱን የከተማዋ እግር አደረጉት። እነዚህ ሞተሮች ፈጣን አይደሉም። ግን ከመርካቶ እስከ ክልል ከተማ ድረስ የማያውቃቸው ጋራዥ የለም። አሥራ ሁለት ሰው ጭነው የእንጦጦን መንገድ ይወጣሉ። ሁለቱን ሕጎች ያሟሉ ናቸው፤ ብዙ ይሄዳሉ፣ በቀላሉ ይጠገናሉ። ሦስተኛም ጥቅም ነበራቸው፦ ናፍጣ ከቤንዚን ይረክስ ነበር።

ይህ ሦስተኛው ጥቅም በ2014 ዓ.ም. ተሰበረ። ከዚያ ክረምት በፊት በአዲስ አበባ ቤንዚን በሊትር 36 ብር ከ87 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 35 ብር ከ43 ሳንቲም ነበር። ድጎማው በደረጃ መነሳት ሲጀምር፣ በሐምሌ ቤንዚን 47 ብር ከ83፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሆነ። ናፍጣ ቤንዚንን በለጠ። ለሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የተለየ ድጎማ ስለተሰጠ ባለ ሚኒባሱ ወዲያው ሙሉውን አልቀመሰም። የድጎማ ነገር ግን ዘላለማዊ አይደለም።

ከልጁ ጋር በወረቀት ላይ አሰላነው። እንበልና ናፍጣው ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር፣ ቤንዚኑ 12 ሊትር ይጠጣ። በቀድሞው ዋጋ ናፍጣው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 88 ብር ገደማ ያተርፋል። በሐምሌው ዋጋ 84 ብር ገደማ። ነዳጁ በሲሶ ገደማ ሲወደድ የናፍጣው ትርፍ ጭራሽ ቀነሰ! ብር ደግሞ ያኔና አሁን አንድ አይደለም። ልጁ ወረቀቱን አየና ዝም አለ። ለናፍጣ ሞተር ብሎ የሚጨምረው ገንዘብ ድሮ በነበረ ትርፍ የተተመነ ዋጋ መሆኑ ያኔ ገባው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ተጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ውጤቱ ግልጽ ነው። በሌላ አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል። እኛ ጋ በሩ ሲዘጋ ውስጥ ያለው አሮጌ ይወደዳል። ሃያ ዓመት የሠራ ሚኒባስ ባለቤቱን ጡረታ የሚያወጣ ቅርስ ሆኗል። የሚገዛው ድሃ ግን የሚከፍለው ለመኪናው ሳይሆን ለተዘጋው በር ነው።

ታዲያ ልጁን ምን አልኩት?

በመጀመሪያ ሞተሩን ከመጠየቅህ በፊት መስመርህን ቁጠር አልኩት። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ? ተራ ጥበቃ ስንት ሰዓት ይበላሃል? ረጅም መስመር ላይ ከሆንክ ናፍጣ ያዋጣሃል። ቀኑን በመጨናነቅና በተራ የምታሳልፈው ከሆነ አይመልስልህም።

ሁለተኛ፣ በኪሎ ሜትር ቁጥር አትደለል። ታክሲ ሆኖ ሃያ ዓመት የሠራ መኪና ትንሽ ኪሎ ሜትር ካሳየህ፣ ቆጣሪው ተመልሷል ብለህ ተነሳ። ይልቅ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድና አስነሳው። ባለቤቱ «አሞቅኩልህ» ካለህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ይነግርሃል። ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ የቴስታታ ወይም የመርጫ ችግር ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ስትከፍት እንፋሎት በኃይል ከተፋ ፒስተኖቹ ደክመዋል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ በማግስቱ ቀይረው፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ይሁን። ቦሎው፣ ዕዳና እገዳው ይጣራ። ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ አትግዛ።

አራተኛ፣ አሮጌውና አዲሱ ሞዴል። አዲሱ በኮምፒዩተር የሚመራ፣ ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ሞተር ነው። ይቆጥባል፣ ጉልበትም አለው። ግን ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ መርጫዎቹን ይገድላቸዋል፤ ዋጋቸው ደግሞ አይቀመስም። ነዳጅ ጠፍቶ ከጀሪካን መቅዳት በተለመደበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። አሮጌውን፣ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነና ለእድሳት የምታስቀምጠው ገንዘብ ከተረፈህ፣ እሱን ያዝ አልኩት። ያለህን ሁሉ ለሻጩ ሰጥተህ ባዶ ኪስህን ይዘህ ከሄድክ ግን የቱንም አትግዛ። ሳቺኒዲስን ያኖረው ተቀያሪ ሞተሩ ነው፤ ያንተ ተቀያሪ ሞተር የመጠባበቂያ ገንዘብህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጁ ሳይሆን ለእኛ ልናገር። የናፍጣ ታክሲ ዘመን በተጀመረበት አገር እያበቃ ነው። የመርሴዲስ ከተማ ሽቱትጋርት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አሮጌ ናፍጣዎችን ከልክላለች። ለንደን ከ2018 ጀምሮ አዲስ የናፍጣ ታክሲ ፈቃድ አትሰጥም። ወደ ኤሌክትሪክ መሄዳችን ስህተት ነው አልልም። የራሳችን ኃይል እያለን በዶላር ነዳጅ መግዛት አይመከርም።

ነገር ግን ሞሮኮ አሮጌዎቹን መርሴዲሶች ከመንገድ ለማውጣት ስትነሳ፣ አሮጌውን ለሚያስረክብ ባለ ታክሲ አዲስ መግዣ ድጋፍ ከመንግሥት ሰጥታለች። እኛ በሩን ዘግተናል። ዕቁብ ለጣለው ሾፌር የሚደርስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ፣ በሚከፈል ብድር፣ በሚያውቅ ጋራዥና በሚሠራ ቻርጅ ማድረጊያ ካልቀረበለት፣ ይህ ልጅ ምርጫ አለው ማለት አይቻልም። ያለው የሃያ ዓመት ሚኒባስ ነው፤ በአዲስ መኪና ዋጋ።

ልጁ ቡናውን ጨርሶ ሲነሳ «ታዲያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሳይሞቅ ልሂድና ላስነሳው» አለኝ።

«ሂድ» አልኩት። «መካኒክህንም ይዘህ ሂድ። ሻጩ የሚያውቀውን መካኒክ ሳይሆን ያንተን።»

ሰላም ሁኑ።