የሥራ ስምሪት መጠንና የሥራ ዕድል ትንበያ በወረኢሉና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፦ የመለኪያው ጥያቄ

ከደሴ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ እስከ አባይ ሸለቆ አፋፍ የሚዘልቀው ደጋማ አገር፣ ማለትም ወረኢሉ፣ ጃማ፣ ለጋምቦ፣ ከለላ፣ ወግዲና መካነ ሰላምን መቀመጫው ያደረገው ቦረና፣ በብሔራዊ የሥራ ስምሪት አኃዞች ውስጥ በየስሙ አይገኝም። በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. የተካሄዱት አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናቶች ናሙናቸው የተመጠነው ለአገር፣ ለክልልና ለትልልቅ ከተሞች በመሆኑ፣ ስለ አንድ ወረዳ የሚነገር አኃዝ ቢኖር ምንጩ የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባና የየጽሕፈት ቤቱ የሥራ ዕድል ፈጠራ ሪፖርት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በእነዚህ ወረዳዎች የሥራ ትንበያን የሚያሳስተው የመረጃ እጥረት ብቻ ሳይሆን የመቁጠሪያው አሃድ ነው የሚል ነው፤ የሚቆጠረው ሰው ሲሆን፣ ሊቆጠር የሚገባው ግን ሰው በዓመት ውስጥ ሥራ የሚያገኝበት ጊዜ ነው።

የሥራ አጥነት ምጣኔ ሥራ የሌላቸውና ለመሥራት ዝግጁ የሆኑ ሰዎች ከጠቅላላው የሥራ ኃይል ያላቸው ድርሻ ነው። በ2005ቱ ጥናት ይህ ምጣኔ በአገሪቱ ከተሞች 16.5 በመቶ፣ በገጠር 2 በመቶ ነበር፤ በ2013ቱ ደግሞ በከተማ 18.7፣ በገጠር 5.2 በመቶ ሆኗል። የገጠሩ አኃዝ ዝቅ ማለቱ ገጠሩ በሥራ የተትረፈረፈ መሆኑን አያሳይም፤ በዓለም አቀፉ መስፈርት በሳምንት ውስጥ ለአንድ ሰዓት የሠራ ሰው እንደ ሥራ ያለው ስለሚቆጠር፣ ማሳ ላይ ጥቂት የዋለ ወይም የቤተሰቡን በጎች ሲጠብቅ የሰነበተ ወጣት ሥራ አጥ አይባልም። በወረኢሉና በለጋምቦ ከፍታ፣ ውርጭ የመኸሩን ሰብል ስለሚያሰጋ ገበሬው በየካቲት በሚጀምረው የበልግ ዝናብና በገብስ ላይ ይተማመናል፤ በልጉ ሲከሽፍም ከማሳው ጋር የዓመቱ ሥራ ይጠፋል። ጃማ ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚያቁር የስንዴው ሥራ በአጭር ጊዜ ተጨናንቆ ያልፋል። ምሁራን ጎዶሎ የሥራ ስምሪት የሚሉት፣ ሥራ ያለው ሰው ከሚፈልገውና ከሚችለው ያነሰ ሰዓት ብቻ የሚሠራበት ሁኔታ፣ የዚህ አካባቢ ዋናው የሥራ ገጽታ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ የሥራ ስምሪትን ትርጓሜ ለወጠ፤ በዋናነት ለገዛ ቤተሰቡ ፍጆታ የሚያመርት ሰው ሥራው «ሥራ» መሆኑ ሳይካድ፣ በሥራ ስምሪት መደብ ግን እንዳይቆጠር ወሰነ። ስለዚህ ገብሱን ለቀለብ የሚያመርት የለጋምቦ ገበሬ በአሮጌው መስፈርት ሙሉ ሠራተኛ፣ በአዲሱ ግን ከሥራ ስምሪት ውጭ ነው። እርሻው፣ በሬዎቹና ድካሙ አልተለወጡም። ሁለት ጥናቶችን አነጻጽሮ ዕድገት ወይም ውድቀት አለ የሚል ተንታኝ አስቀድሞ ይህን ካላጣራ፣ የሚለካው የገበያውን ሳይሆን የደንቡን ለውጥ ይሆናል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጊዜን የመቁጠርን ጥቅም በግልጽ ያሳያል። በፕሮግራሙ ልማድ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን፣ በዓመት ለ6 ወራት የእርከን፣ የመንገድና የመሰል ማኅበረሰባዊ ሥራ ይመደባል፤ ይህም በነፍስ ወከፍ 30 ቀን ነው። አራት አባላት ያሉትና ሁለት አዋቂዎች የሚሠሩለት ቤተሰብ 120 ቀን ያገኛል፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ 60 ቀን ማለት ነው። በሰው ቁጥር ሁለት ሠራተኞች ተመዘገቡ፤ በጊዜ ግን የአንድ ሰው የግማሽ ዓመት ያህል ሥራ ብቻ አለ።

የሥራ ዕድል ሪፖርቶችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን እስከ 2017 ዓ.ም. 14 ሚሊዮን፣ እስከ 2022 ዓ.ም. ደግሞ 20 ሚሊዮን የሥራ ዕድሎችን የመፍጠር ግብ ይዞ ነበር፤ ይህ ግብ ወደ ክልል፣ ዞንና ወረዳ ሲወርድ በ«ቋሚ» እና በ«ጊዜያዊ» ዓምዶች የሚሞላ ኮታ ይሆናል። ዓምዶቹ የሚይዙት ጥቅል ቁጥርን፣ ማለትም የተፈጠረውን ብቻ ነው፤ የፈረሰ ማኅበር፣ የተጠናቀቀ ግንባታ፣ የተዘጋ ሱቅ አይቀነስባቸውም። ለትንበያ ግን የሚያስፈልገው የተጣራው ቁጥር ነው።

የትንበያው መነሻ ዓመትም ልል ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደቡብ ወሎ ወደ 2.52 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው ሲሆን፣ የከተማ ነዋሪው 12 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ቆጠራው ለአማራ ክልል ያወጣው የ1.7 በመቶ ዓመታዊ ዕድገትም፣ የአገሪቱ አማካይ 2.6 በመቶ ስለነበር፣ ምክር ቤት ድረስ አከራክሯል። ለማሳያ ያህል የዞኑ ሕዝብ ለ20 ዓመት በመጀመሪያው ምጣኔ ቢያድግ 3.5 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው ቢያድግ 4.2 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ የትኛውንም የዞኑን የሥራ ትንበያ ለማዛባት ይበቃል።

የአካባቢው የፋብሪካ ተስፋ ኮምቦልቻ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የገጠር ወጣቶችን ወደ ልብስ ስፌት እንዲስብ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ኢትዮጵያ አሜሪካ ከምትሰጠው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ተሰረዘች። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት፣ ከወግዲ ወይም ከመካነ ሰላም ሄዶ ቤት ተከራይቶ መኖር የሚያዋጣ መሆኑም አጠራጣሪ ነው። ይልቁንስ በደጋው ውስጥ የሚታየው የደመወዝ ሥራ ከመንግሥት ወጪ የመነጨ ነው፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ በዙሪያውም የሚከፈቱ ምግብ ቤቶችና ኪራይ ቤቶች። የምኒልክ ሠራዊት በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ሲነሣ የተሰበሰበባት ወረኢሉም የከተማነት ዕድገቷ ከጦር ሰፈር ወጪ ጋር የተያያዘ ነበር።

ስደት በየትኛውም ዓምድ የለም። ወሎ ወደ ዓረብ አገሮች ብዙ ወጣት የሚሄድበት አካባቢ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ባስወጣችበት ወቅት ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የተመለሱት ወደ እንደዚህ ያሉ ወረዳዎች ነበር። ሥራ ፈላጊው ሲሄድ የምዝገባው ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲመለስ ይጨምራል፤ የስደት ረድፍ የሌለው ትንበያም ቅናሹን የሥራ ፈጠራ ውጤት፣ ጭማሪውንም የጽሕፈት ቤቱ ድክመት አድርጎ ይጽፈዋል።