በፏፏቴ ዳር ስለ ተነሣው ስልክ

በፊንላንድ ምድር፣ በታምፐሬ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ኢደስታም የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1865 በፏፏቴ አጠገብ ያቋቋመው፣ እንጨት ለወረቀት የሚፈጭ ወፍጮ፣ በኋላ ከጎማ ጫማና ከኤሌክትሪክ ገመድ ሠሪዎች ጋር በ1967 ተዋሕዶ፣ ኖኪያ በሚል ስም እየገነነ ሄዶ፣ በ1998 በእጅ ስልክ ሥራ ከዓለሙ ሁሉ ቀዳሚ ለመሆን በቃ።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ በ2003 የወጣው 1100 የተባለው ስልክ ነው፤ አቧራ እንዳይገባበት ቁልፎቹ በአንድ ወጥ ላስቲክ ተሸፍነው፣ በአናቱም ትንሽ የባትሪ መብራት ተተክሎለት፣ መብራት ባልደረሰበት አገር ለሚኖር ሰው ስልክም ፋኖስም ሆኖ ያገለግል ነበርና፤ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ነገር ግን ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ የቁጥር ቁልፍ የሌለውን፣ ገጹ በጣት ዳሰሳ የሚታዘዘውን አይፎን በገለጠ ጊዜ፣ የፉክክሩ ሚዛን ከአካሉ ጽናት ወደ ውስጣዊው ሥርዓት ተዛወረ። ሲምቢያን የተባለውን አሮጌ ሥርዓት ለመተው የዘገየውን ኖኪያን፣ የጎግልን አንድሮይድ የተቀበለው ሳምሰንግ ቀደመው። ብዙ ቤተሰብ እንጀራውን ያገኝበት የነበረው፣ በፊንላንድ ሳሎ ከተማ ያለው የኖኪያ ፋብሪካ በ2012 ተዘጋ፤ የስልኩም ክፍል በ2014 ወደ ማይክሮሶፍት እጅ ገባ።