ቡስፒሮን፦ የማያስተኛው የጭንቀት መድኃኒት ታሪክ

በአርሲ ደጋ፣ በሮቤም ሆነ በአሰላ፣ በጭንቀት የሚሠቃይ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ጭንቀቱን አስቀድሞ አይናገርም። ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላል፤ በኦሮምኛ «ያዶ» የሚለው ቃል የሚመጣው ዘግይቶ ነው። እንዲህ ላለው ታካሚ እጅ ቶሎ የሚዘረጋው ወደ ዲያዜፓም ነው። መድኃኒቱ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነበረ፤ ርካሽ ነው፤ በዚያው ዕለትም ያረጋጋል።

የችግሩ ምንጭም ይኸው ፍጥነቱ ነው። ከእርሱ በፊት በ1955 ገበያ ላይ የዋለው ሜፕሮባሜት ጥገኝነት እንደሚያስከትል ታወቀ። በ1960 ክሎርዲያዜፖክሳይድ፣ በ1963 ዲያዜፓም ሲተኩት ከጥገኝነት ነጻ የሆነ መድኃኒት የተገኘ መስሎ ነበር፤ አልሆነም።

ቡስፒሮን በ1968 በአሜሪካው ሚድ ጆንሰን ኩባንያ ሲቀመም የታሰበው ለጭንቀት ሳይሆን ለከባድ የአእምሮ ሕመም ነበር። ለዚያ አልረባም። ሆኖም ቁጡ ዝንጀሮዎችን ሳያስተኛ ማለዘቡ ትኩረት ሳበ፤ በ1979 ጎልድበርግና ፊነርቲ በጭንቀት ታካሚዎች ላይ ከዲያዜፓም ጋር አነጻጸሩት፤ በ1986 በአሜሪካ ተፈቀደ። የሚሠራው በጋባ ተቀባዮች ላይ ሳይሆን በሴሮቶኒን 1ኤ ተቀባዮች ላይ ነው። ስለዚህ ጡንቻ አያላላም፣ የሚጥል በሽታን አይከላከልም፣ ጥገኝነት አያስከትልም። ውጤቱ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይዘገያል።

ሐኪሞችን ያሳሳተው ይህ መዘግየት ነው። እነ ሽዋይዘርና ሪከልስ በዚያው በ1986 እንዳሳዩት፣ ቀደም ሲል ቤንዞዲያዜፒን የለመዱ ታካሚዎች ለቡስፒሮን እምብዛም ምላሽ አልሰጡም፤ መድኃኒቱም የቤንዞዲያዜፒንን መቋረጥ ምልክቶች አላስታገሰም። ለዓመታት ዲያዜፓም የወሰደን ሰው በአንድ ቀን ወደ ቡስፒሮን ማዛወር እስከ መንዘፍዘፍና መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ዲያዜፓሙ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት።

ለእኛ አገር በተለይ የሚያሳስብ ሌላ ነገር አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ የሚወስደው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን ቡስፒሮን በ90 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ኤሪትሮማይሲን በአንጻሩ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ለልብ ምት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም ከ1966 ጀምሮ ለጭንቀት ተሞክሯል፤ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል እንጂ ሐሳቡን እምብዛም አይነካም፣ ለአስም ታካሚም አይሰጥም።

ቡስፒሮን በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ አልገባም። በ2023ቱ ዝርዝር ለጭንቀት የገባው ፍሎክሰቲን ነው፤ ዲያዜፓም ለአጭር ጊዜና ለአጣዳፊ ሁኔታ ብቻ ተወስኗል። ፍሎክሰቲንም የሚሠራው ከሳምንታት በኋላ ነው። እንግዲህ በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል ሥልጠናቸው የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ነርሶችም ሆኑ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ታካሚው በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ እንክብሉን ከመተዉ በፊት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን የጥበቃውን ጊዜ ቆጥረው ሊነግሩት፣ የሁለት ሳምንት ቀጠሮም ሊሰጡት ይገባል።