የርስት ፈጅና የግለኝነት ፍልስፍና በምዕራብ ጎጃም

የሠራተኛ ማኅበር መሪ የግለኝነትን ፍልስፍና ቢማር ኖሮ በአመራሩ ላይ ምን ለውጥ ይታይ ነበር? በአገራችን የሠራተኞች ማኅበር በሕግ የታወቀው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፥ ሕጉም የተጻፈው ለአሠሪና ለተቀጣሪ ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ባለርስት ገበሬ ግን አሠሪ አልነበረውም። በእርሱ ዘንድ ስለ ብዙዎች ቆሞ የሚከራከረው ሰው የርስቱ ፈጅ ነበረና ጥያቄውን ወደ ፈጁ መልሰን እንመርምር።

በዳሞት አገር ርስት የሚገኘው ከዋናው አባት በመወለድ ነበር። ትውልዱ በአባትም በእናትም ስለሚቈጠር፥ አንድ ሰው በልዩ ልዩ ስፍራ ድርሻ ለመጠየቅ ይችላል፤ ሴትም እንደ ወንድ ትወርሳለች። ፈጁ የዘመዶቹን ድርሻ በዳኛ ፊት ያስከብራል፤ መሬቱም ሲከፋፈል ስለ እነርሱ ይቆማል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ማሳውን ለይቶ ያርስ፥ ስለ ድርሻውም ከገዛ ወንድሙ ጋር ይሟገት ነበር። እንግዲህ ለራስ መብት መከራከር ለዳሞት ሰው እንግዳ ትምህርት አልነበረም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን፥ ሰው በመሬት ላይ ያፈሰሰው ጉልበት መሬቱን የግሉ እንደሚያደርግለት አስተማረ። በርስት ሕግ ግን መብት የሚሰጠው ደም ነው። ፈጁ የሎክን ቃል ቢቀበል፥ ዘመኑን ሙሉ ያረሰው ሰው ከኋላ ከሚመጣ ዘመድ ክስ በዳነ ነበር፤ ነገር ግን ገና ያልጠየቁት ሁሉ ተስፋቸው በተቈረጠ ነበር።

የዚህ ተስፋ ኃይል በ1960 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ የዳሞት፥ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ግመታው የመሬት ልኬት፥ ልኬቱም የርስት መጥፊያ ይሆናል ብሎ ሰግቶ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፥ ውዝፉም ግብር ተማረ። በርስቱ እርስ በርሱ የሚካሰሰውን ሕዝብ በአንድ ያቆመው፥ እያንዳንዱ ወደፊት ሊጠይቀው የሚችለው ድርሻ ነው። ኅብረቱ የተወለደው ከየግሉ ጥቅም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ፍልስፍናው የፈጁን ኅብረት ባላፈረሰ፥ ነገር ግን የኅብረቱን ድንበር በፈተነ ነበር። ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ብዙውን ጊዜ ርስት የሚቈጥሩበት ትውልድ ስላልነበራቸው ፈጅም አልነበራቸውም። ከዘር ቈጠራ አስቀድሞ ሰውን የሚቈጥር ፈጅ፥ ለእነዚህ ሲል በገዛ ዘመዶቹ ላይ መሟገት በተገባው ነበር።

ይህን ሙግት ፈጁ ሳይጀምረው፥ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ሽሮ፥ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ ትውልድ ሳይጠየቅ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። መሬቱንም የሕዝብ ሀብት አደረገው። በዚህም ርስት ያልነበረው ሰው የማረስ መብት ሲያገኝ፥ ሎክ ለአራሹ የፈቀደለትን ባለቤትነት ግን ሸማኔውም ባለርስቱም አላገኙትም።