ከድሪቶ እስከ ማዳበሪያ፤ ስለ ቤት ስፌት ታሪክ አጭር ጥናት

ስለ አገራችን ልብስ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ለባለ ማዕርግ ስለሚሸለመው ካባና ለምድ፣ ስለ ሸማኔውና ስለ ጥለቱ ብዙ ተብሏል። ዳሩ ግን ልብሱ ካረጀ በኋላ ምን ይሆን እንደ ነበረ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው፣ ያረጀውን ጨርቅ ሰፍቶ ለሌላ አገልግሎት ማዋል ራሱን የቻለ የባልትና ሙያ እንደ ነበረና፣ ጨርቁ የሚመጣበት መንገድ በተለወጠ ቁጥር ሙያውም አብሮ እንደ ተለወጠ ነው። ለማስረጃ ከመረጥናቸው ቦታዎች አንዷ ቆሼ ናት፤ ምክንያቱን በቦታው እንገልጻለን።

አስቀድመን ቃላቱን እንመርምር። «ደረተ» ማለት ቁራጭ በቁራጭ ላይ ደራርቦ ሰፋ ማለት ነው፤ የድኻው ልብስና ምንጣፍ ድሪቶ የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። «ጣፈ» የተቀደደውን በእራፊ ደፈነ ማለት ነው። «ጠቀመ» ደግሞ በመርፌ መስፋትንም ረብ መስጠትንም ያመለክታል። ለአንድ ሥራ ይህን ያህል ስም ያወጣ ሕዝብ ሥራውን በሚገባ ያውቀው እንደ ነበር አያጠራጥርም።

በጥንቱ ሥርዐት ሴቲቱ ጥጡን ትፈትላለች፤ ሸማኔውም ይሠራዋል። ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ሸማ ጠባብ ስለ ሆነ ጎንና ጎኑ ተጋጥሞ ይሰፋል እንጂ በመቀስ ብዙ አይቆራረጥም። ስለዚህ ቁርጥራጭ ሆኖ የሚጣለው ጨርቅ ጥቂት ነበር። ጋቢ በአራት የሚደረብ በመሆኑ፣ ሲሳሳ ደኅናው ወገን ተለይቶ ለልጅ ጥብቆ ወይም ለሕፃን መጠቅለያ ይውላል፤ ከዚያ የባሰው ጠጅ ማጥለያ፣ በመጨረሻም የኩራዝ ክር ይሆናል። አንድ ጋቢ እስኪያልቅ ድረስ በቤቱ ውስጥ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ጨርቅ ዘመን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ የአሜሪካ አቡጀዲ በብዛት ይገባ ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የሸቀጡ መንገድ ቀለለ፤ በ1920ዎቹም የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ያዘ። የስፌት መኪናም ገባ። በአዲስ አበባ ሕንዶችና አርመኖች በልብስ ሰፊነት ይታወቁ ነበር፤ ኋላም ሙያው ወደ አገሬው ወንዶች ተላልፎ በየሱቁ በረንዳ ላይ ተስፋፋ። ከዚህ የተነሣ ስፌት ሁለት ሆነ። በረንዳ ላይ በመኪና የሚሰፋው ወንድ ዋጋ ይቀበላል፤ ቤት ውስጥ በመርፌ የምትጥፈው ሴት ግን ሥራዋ እንደ ሥራ አልተቆጠረም። ለንግድ ወደ መርካቶ የወጣው የጉራጌ ሰው ለመስቀል አገሩ ሲገባ አዲስ ልብስ ይዞ መግባቱ የታወቀ ልማድ ነው፤ ያንን ልብስ ለዓመታት የሚያቆየው ግን የእናት መርፌ ነበር።

ሦስተኛውን ዘመን የምታሳየን ቆሼ ናት። ቆሼ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማረቆ ከተማ ናት፤ አገሩም በበርበሬው የታወቀ ነው። በርበሬ ደግሞ ያለ ከረጢት አይነገድም። በ1960ዎቹ የኬሚካል ማዳበሪያ ለገበሬው መዳረስ ከጀመረ ወዲህ፣ የሚመጣበት ከረጢት ራሱ «ማዳበሪያ» ተብሎ ቀረ፤ እህል ቢሞላበትም በርበሬ ቢሞላበትም ስሙ ያው ነው። ከረጢቱ የፕላስቲክ ክር በመሆኑ እንደ ድሪቶ አይሞቅም። ይሁን እንጂ በገጠር ቤት ስፌቱ ይፈታና ሁለት ሦስቱ ተጋጥሞ በጆንያ መርፌ ሲሰፋ፣ እህልና በርበሬ ማስጫ፣ ምንጣፍ ወይም የዝናብ መከለያ ይወጣዋል፤ ክሩም ተመዝዞ በደጋው ጉራጌ ቃጫ ይሠራ የነበረውን የማሰሪያ ሥራ ይሠራል። ጨርቁ ቢለወጥም የድሪቶው ዘዴ አልጠፋም።

ይህ ዘዴ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በጦርነቱ ጊዜ ልብስ በራሽን ስለ ሆነ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1943 ለባለ ቤቶች ያረጀ ልብስ የሚታደስበትን መንገድ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። በእኛ ቤት ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ስለ ሆነ እምብዛም አልተጻፈም። ላለመጻፉ ሌላም ምክንያት አለ፤ ድሪቶ መልበስ ነውር ሆኖ ይቆጠር ስለ ነበር የሰፋችው ሴት በሥራዋ አልተመሰገነችም።

ዛሬ ሙያውን የሚፈታተነው ርካሽ ልብስ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም፣ ሰልባጅ በቦንዳ በቦንዳ እየሆነ በኮንትሮባንድ ይገባል። የተቀደደውን ከመጣፍ ሌላ መግዛት ሲቀል መርፌው ይቀመጣል፤ ጨርቁም ወደ ጥራጊ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ረጲ ለብዙ ዓመታት ጥራጊ ሲከመርበት የኖረው ስፍራም በሕዝብ አፍ «ቆሼ» ይባላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። አደጋውን ጨርቅ አመጣው አንልም፤ ነገር ግን ከየቤቱ የሚወጣው ጥራጊ ሁሉ የሚያርፍበት ስፍራ እንዳለው፣ በዚያም አጠገብ ሰው እንደሚኖር ያ ቀን አሳይቶናል።

ድሪቶን የወለደው ድኽነት ነው፤ ድኽነቱ እንዲመለስ የሚመኝ የለም። ሙያው ግን ከድኽነቱ ጋር አብሮ ሊጣል አይገባውም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲመለሱ እናቶቻቸውንና አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ጋቢው ሲያልቅ ምን ይሆን ነበር? የስፌቱ ዐይነት ምን ይባላል? ማን አስተማራቸው? መምህራኖቻችንም መልሱን ከሸማኔውና ከነጋዴው ታሪክ እኩል ለምርምር የሚገባ አድርገው እንዲቀበሉልን እንለምናለን።