ሳይቃጠል በቅጠል፤ የኤሌክትሪክን ብልሽት ነቅቶ የመጠበቅ ታሪክ

የቴክኒክ ታሪክ በየክፍሉ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናስተምረው የፈልሳፊዎችን ታሪክ ነው። አምፖልን ማን ሠራ፣ የመጀመሪያው ማመንጫ የት ተቋቋመ፣ ኮምፒዩተር መቼ ተፈለሰፈ ብለን እንጠይቃለን፤ ተማሪውም ስምና ዓመት አጥንቶ ይመልሳል። ነገር ግን የተፈለሰፈው ነገር ሳይቋረጥ እንዲሠራ ሌት ተቀን የሚጠብቁት ሰዎችና መሣሪያዎች ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት እምብዛም ቦታ አላገኘም። መብራቱን ያበራው ሰው ስም ሲታወስ፣ መብራቱ እንዳይጠፋ ያደረገው ግን ይረሳል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ያን የተዘነጋ ታሪክ በአንድ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን። ምሳሌያችን በተለምዶ ዳታ ሴንተር የሚባለው የመረጃ ማእከል ነው። የመረጃ ማእከል ማለት ባጭሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በአንድ አዳራሽ ተደርድረው ያለ ዕረፍት የሚሠሩበት፣ የዘመናችን መዝገብ ቤት ነው። የባንክ ሒሳብ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የተማሪ ውጤት የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ቤት ነው። በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክም እንደነዚህ ያሉ ማእከላት በቅርብ ዓመታት ተሠርተዋል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ለመምህራን ይበልጥ ቀርቧል። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ድንገት ቢቋረጥ የሚጎዳው ማሽኑ ብቻ ሳይሆን በማሽኑ ላይ እምነቱን የጣለው ሰው ጭምር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በፈረስ የታወቀ ብልሽት

ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና ያቋቋመው ማመንጫ ሥራ የጀመረው ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ነበር። ሽቦዎቹ የተዘረጉት ከመሬት በታች ነው። ማመንጫው ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን፣ አን እና ናሶ የተባሉት መንገዶች በሚገናኙበት ማእዘን የሚያልፉ ፈረሶች እየደነበሩ ይዘሉ ጀመር። ኤዲሰን ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ወሬውን ወደ ማመንጫው ይዞ የሮጠው ፖሊስ ነበር። ነገሩ ሲመረመርም ሽቦዎቹ ከሚጋጠሙበት ሣጥን ኤሌክትሪክ ወደ አፈሩ እያፈተለከ ተገኘ። ሰው ያላወቀውን ብልሽት ፈረሶቹ በእግራቸው አወቁት።

ይህ ትንሽ ታሪክ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። በመሠረቱ ብዙው የኤሌክትሪክ ብልሽት ሳይታሰብ ዱብ የሚል ነገር አይደለም። ሽቦውን የሚሸፍነው ልባስ በሙቀት፣ በእርጥበት፣ በአቧራና በእርጅና ቀስ በቀስ ይሳሳል። የላላ ብሎን ይግላል። በጥቂቱ ማፍተልክ የጀመረው ኤሌክትሪክም ውሎ አድሮ መንገዱን ያሰፋል። እኛ «መብራት ጠፋ» የምንለው የመጨረሻዋን ደቂቃ አይተን ነው እንጂ ነገሩ የጀመረው ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ብልሽቱ ምልክት ሰጠ ወይስ አልሰጠም ሳይሆን፣ ምልክቱን የሚያይ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነው።

መቁረጥና ማስታወቅ

ሰው ለዚህ ችግር ያገኘው የመጀመሪያ መልስ መቁረጥ ነው። ብዙዎቻችን ቫልቮላ የምንለው ፊውዝ፣ ከልኩ ያለፈ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ነው። በኋላ የመጣው ብሬከርም ሥራው ያው ነው። ሁለቱም ስንቱን ቤት ከቃጠሎ አድነዋልና ውለታቸው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ የሚያውቁት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ቁረጥ» የሚል ነው። ከመቁረጣቸው በፊት ምንም አይናገሩም፤ ከቆረጡ በኋላ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ሁለተኛው መልስ ማስታወቅ ነው። በመርከቦችና በማመንጫ ጣቢያዎች ይሠራበት የነበረው ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር። ሁለት እኩል አምፖሎች በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ መስመር መካከል በተከታታይ ይያያዛሉ፤ ከሁለቱ አምፖሎች መካከል ደግሞ አንድ ሽቦ ወደ መሬት ወይም ወደ መርከቡ የብረት አካል ይወርዳል። መስመሩ ጤነኛ ሲሆን ሁለቱ አምፖሎች እኩል ይበራሉ። አንደኛው መስመር ከመሬት ጋር የተነካካ እንደሆነ ግን በዚያ በኩል ያለው አምፖል ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል፣ ሌላው ይደምቃል። ተረኛው ሠራተኛ አምፖሎቹን አየት አድርጎ የትኛው መስመር እንደታመመ ያውቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። መስመሮቹ ራሳቸው ከመሬት ጋር በቀጥታ ያልታሰሩ ስለሆኑ የመጀመሪያው ብልሽት ሥራውን አያቆምም። መርከቡ ጉዞውን ሳያቋርጥ ብልሽቱ ተፈልጎ ይጠገናል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ቤንደር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ይህን ሐሳብ በማሻሻል የሽቦውን ልባስ ጤንነት ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በቀዶ ጥገና ክፍሎች የዚህ ዓይነት መሣሪያ ይሠራበታል፤ ሐኪሙ ቢላዋውን ይዞ ሳለ ኤሌክትሪክ መቁረጥ አይቻልምና።

ከመሬት ጋር ለታሰረ መስመር ደግሞ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የዚህ መሠረት የተጣለው ከኤዲሰን ማመንጫ በፊት ነው። በ1845 ጉስታቭ ኪርኾፍ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ገና ተማሪ ሳለ፣ ወደ አንድ መገናኛ የሚገባው ጅረት ከዚያ ከሚወጣው ጋር እኩል መሆኑን በሕግ መልክ አስቀመጠ። ይህ ሕግ እንደ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ነው፤ ገቢና ወጪ እኩል ካልሆኑ ከመካከል የጠፋ አለ ማለት ነው። በ1961 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዳልዚል ይህንኑ ሕግ ለሰው ሕይወት ጥበቃ አዋለው። የሄደውና የተመለሰው ጅረት በ5 ሚሊአምፒር ያህል ሲለያዩ መስመሩን በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ። ይኸው የሒሳብ ዘዴ ሳይቆርጡ ለማስታወቅም እንደሚያገለግል ቀጥለን እናያለን።

ዝምታ ደኅንነት አይደለም

ኮምፒዩተር ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ መጥፋትን አይወድም። በ1946 በፊላዴልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ 18,000 ያህል የቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ኪሎዋት ያህል ኀይልም ይወስድ ነበር። ቱቦዎቹ በብዛት የሚቃጠሉት ማሽኑ ሲበራና ሲጠፋ፣ ማለትም ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ መሆኑ ስለታወቀ ሠራተኞቹ ማሽኑን ባያጠፉት መረጡ። የመረጃ ማእከል ያለማቋረጥ መሥራት የሚለው ደንብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮን አለ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የሚኖረው በኤሌክትሪክ መረብ ነው። መረቡን የሚጠብቁት መሣሪያዎች ራሳቸው ጠባቂ ሲያጡ ምን እንደሚከተል ሁለት ቀኖች ያስተምሩናል።

የመጀመሪያው ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ሲሆን፣ በካናዳ በናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ከሚገኘው ሰር አዳም ቤክ ማመንጫ ወደ ቶሮንቶ አቅጣጫ ከሚሄዱት አምስት መስመሮች አንዱን የሚጠብቀው ሪሌ መስመሩን ቆረጠ። መስመሩ ግን አልተበላሸም ነበር። ሪሌው የሚቆርጥበት ልክ ከዓመታት በፊት ዝቅ ተደርጎ የተወሰነ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመስመሩ ጭነት አድጓል። የአንዱ ሸክም በአራቱ ላይ ሲወድቅ አራቱም በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ተቆረጡ። ችግሩ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኒው ዮርክን ጨምሮ 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ ዋጠ፤ በአንዳንድ ስፍራ ጨለማው እስከ 13 ሰዓት ቆየ። ሪሌው የታዘዘውን ፈጽሟል። የጎደለው፣ ትእዛዙ ከጊዜው ጋር መሄዱን የሚመረምር ዓይን ነበር።

ሁለተኛው ኦገስት 14 ቀን 2003 ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ በፈርስትኢነርጂ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚያሰማው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራውን አቆመ። ማቆሙን ግን ለማንም አልተናገረም። ከ9 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሦስት ታላላቅ የ345 ኪሎቮልት መስመሮች በሥራቸው ካደጉ ዛፎች ጋር እየተነካኩ አንድ በአንድ ተቆረጡ። ተረኞቹ ማስጠንቀቂያ ስላልሰሙ ሁሉ ደኅና መሰላቸው። ከጎረቤት ኩባንያ ስልክ ሲደወልላቸው እንኳ ነገሩን በቶሎ አልተረዱትም። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ችግሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛምቶ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ። ሁለቱ መንግሥታት ያቋቋሙት መርማሪ ቡድን ከዋና ምክንያቶቹ መካከል ሁለቱን እንዲህ ብሎ ለየ፤ ዛፎቹ በጊዜው አልተከረከሙም፣ ተረኞቹም በገዛ መስመራቸው ላይ የሚሆነውን አላወቁም።

ከእነዚህ ሁለት ቀኖች የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። የማስጠንቀቂያ ዝምታ የጤንነት ማስረጃ አይደለም። ጠባቂውንም የሚጠብቅ ያስፈልጋል።

ከውስጥ የሚመጣው

የመረጃ ማእከሎች ከእንዲህ ያለው አደጋ ለመዳን ባትሪና ጄኔሬተር ያዘጋጃሉ። የውጭው መስመር ሲቋረጥ ባትሪዎቹ ለጥቂት ደቂቃ ሸክሙን ይይዛሉ፤ በዚያ መካከል ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ይረከባል። ብልሽቱ ከውስጥ ሲሆን ግን ይህ ብቻውን አያድንም። ኦገስት 8 ቀን 2016 በአትላንታ የዴልታ አየር መንገድ የኮምፒዩተር ማእከል ውስጥ አንድ የኀይል መቆጣጠሪያ መሣሪያ ተበላሸ። በዚያ ካሉት 7,000 ያህል የኮምፒዩተር ክፍሎች 300 የሚሆኑት ከመጠባበቂያው ኀይል ጋር በሚገባ አልተያያዙም ነበር። በዚህም የተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ2,000 በላይ በረራዎች ተሰረዙ። መጠባበቂያው ነበረ፤ ወደ መጠባበቂያው የሚያደርሰው መንገድ መጓደሉን ግን ያየ አልነበረም።

እዚህ ላይ የኪርኾፍ ሒሳብ ተመልሶ ይመጣል። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በጤናው ጊዜም ቢሆን ጥቂት ጅረት ወደ መሬት መስመር ያሳልፋል። ኮምፒዩተሮቹ ብዙ ሲሆኑ ይህ ጥቂት ተደምሮ ይበዛል፤ ስለዚህ እንደ ዳልዚል መሣሪያ በትንሽ ልዩነት የሚቆርጥ ነገር ቢገባ ያለ ብልሽት አገልግሎቱን ያቋርጣል። ከዚህ የተነሣ በየመስመሩ ዙሪያ ቀለበት መሰል መለኪያ ተደርጎ የሄደውና የተመለሰው ጅረት ልዩነት ያለማቋረጥ ይመዘገባል። ለምሳሌ ያህል ከወር በፊት 30 ሚሊአምፒር የነበረው ልዩነት ዛሬ 60 ቢደርስ፣ በአዳራሹ ውስጥ የጠፋ ነገር ሳይኖር መሐንዲሱ ይነገረዋል። እሱም መስመሩን ለይቶ፣ ሥራውን ወደ ሌላ መስመር አዛውሮ፣ ብልሽቱን ይጠግናል። ቀድሞ የሽቦን ልባስ ለመመርመር መስመሩን ማጥፋት ግድ ነበር፤ አሁን መስመሩ እየሠራ ይመረመራል። ሙቀትን በሚያሳይ ካሜራ የጋለ መገጣጠሚያን ማግኘትም የዚሁ ጥበቃ ክፍል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

መሣሪያው ብቻውን ግን አይበቃም። በየደቂቃው የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሰሚ ያጣል፤ አንዴም የማይጮህ ደግሞ ያዘናጋል። የተመዘገበውን የሚያነብ፣ የለውጡን ምክንያት የሚጠይቅ፣ ልኩን በየጊዜው የሚያስተካክል ሰው ከሌለ መለኪያው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ይህን ታሪክ ለማስተማር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የፊዚክስና የታሪክ መምህራን ተባብረው አንድ ባለ 6 ቮልት ባትሪና ሁለት እኩል የ6 ቮልት አምፖሎች ቢያዘጋጁ የመርከበኞቹን ዘዴ ማሳየት ይቻላል። አምፖሎቹን በተከታታይ አያይዘን ከመካከላቸው አንድ ሽቦ እናወጣና ያ ሽቦ «መሬት» ነው እንላለን። የሽቦውን ጫፍ ወደ አንደኛው የባትሪ ጫፍ ስናስነካ በዚያ በኩል ያለው አምፖል ይጠፋል፣ ሁለተኛው ይደምቃል። ሙከራው በባትሪ ብቻ የሚደረግ ነው፤ በግድግዳ ሶኬት ፈጽሞ አይሞከርም። ከዚያም ተማሪዎቹን «አምፖሉ ባይኖር ኖሮ ብልሽቱን በምን እናውቀው ነበር?» ብለን እንጠይቃቸው።

በታሪክ ፈተናችንም «ማን ፈለሰፈው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ማን ጠበቀው? ጥበቃው በተጓደለ ጊዜስ ምን ሆነ?» የሚል ብንጨምር መልካም ነው። የምናስተምራቸው ወጣቶች ሁሉ ኤዲሰን ወይም ኪርኾፍ አይሆኑም። ብዙዎቹ ግን ነገ በሆስፒታል፣ በባንክ፣ በማመንጫ ጣቢያና በመረጃ ማእከል ተረኛ ሆነው ይቀመጣሉ። በዚያን ጊዜ ከፊታቸው ያለው መለኪያ ትንሽ ከፍ ሲል ነገሩን ንቀው የማያልፉ ሰዎች እንዲሆኑ የማድረጉ ሥራ ዛሬ በእኛ እጅ ነው።