የሞዴል ሮኬት ማስወንጨፊያ ቀን

የሞዴል ሮኬት ማስወንጨፊያ ቀን የአንድ ክበብ አባላት ከወረቀት ቱቦ፣ ከቀላል እንጨትና ከፕላስቲክ በእጃቸው የሠሯቸውን ትንንሽ ሮኬቶች ይዘው ሰፊ ሜዳ ላይ የሚገናኙበትና ተራ ጠብቀው የሚያስወነጭፉበት ቀን ነው። ሮኬቱ በፋብሪካ በተሠራ የባሩድ ሞተር ይነሣል፤ ከፍታው ጫፍ ሲደርስ ፓራሹት ይዘረጋል፤ በደኅና ከወረደም ሞተሩ ተቀይሮለት ዳግም ይወነጨፋል። ልማዱ በአሜሪካ ተወልዶ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። እንደ ቆቦና ዋጃ ባሉ የራያ ቆላ ከተሞች ያለ መምህር ወይም ተማሪ ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያስበው ሮኬቱን ከየት እንደሚያገኝ ይሆናል። የልማዱ ታሪክ ግን ሌላ ቅደም ተከተል ያሳያል። ከሌላ ቦታ መወሰድ ያለበት መጀመሪያ የሜዳው ሥርዓት ነው፤ ሮኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በኔብራስካ ግዛት በኖርፎክ ከተማ ጫማ ይሸጥ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወንድሙ ከሮበርት ጋር የመጀመሪያውን ሞዴል ሮኬት ሠራ። ኦርቪል ርችት የሚወድ፣ ሮበርት ደግሞ ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሮኬት የሚሠሩ ታዳጊዎች ያገኙትን ኬሚካል በብረት ቧንቧ ውስጥ እየጠቀጠቁ ይለኩሱ ስለነበር ጣትና ዓይን፣ አንዳንዴም ሕይወት ይጠፋ ነበር። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ ጉጉቱም አደጋውም አብሮ ጨመረ። በዚያው ዓመት በኋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ይሠራ የነበረው ሃሪ ስታይን የካርላይልን ሥራ አይቶ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ፤ በመሞከሪያው ሜዳ የሚያውቀውን የጥንቃቄ አሠራርም ለልጆች በሚመች መልክ አመጣው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቨርን ኤስቲስ የተባለ ሰው ሞተሮችን አንድ ዓይነት አድርጎ በየጥቂት ሰከንዱ የሚያወጣ ማሽን ሠራ። ልዩነቱን ያመጣው ይህ የሥራ ክፍፍል ነው። ባሩዱን የሚነካው ፋብሪካው ብቻ ሆነ፤ ልጁ ደግሞ አካሉን፣ ክንፉንና ፓራሹቱን ይሠራል። ባሩድ መቀመም በዚህ ሥራ ውስጥ የልጅ ድርሻ አይደለም፤ ማንኛውም ክበብ ይህን ካላላ የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ያበቃል።

ሥርዓቱ በቅርብ ሲታይ ይህን ይመስላል። ሮኬቱ የሚቆመው ቀጥ ባለ ቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ነው፤ ከሥሩ ነበልባሉን የሚመልስ ቆርቆሮ ይደረጋል። የሚለኮሰው በኤሌክትሪክ ነው፤ በክብሪት አይለኮስም። የማቀጣጠያው ሳጥን ትንሽ ቁልፍ አለችው፤ ቁልፏ ካልገባች አዝራሩ ቢጫንም ምንም አይሆንም። ስለዚህ ወደ ዘንጉ የሚጠጋ ሰው አስቀድሞ ቁልፏን መንቀል አለበት። ለትንንሾቹ ሞተሮች ቢያንስ 5 ሜትር ያህል፣ ተለቅ ላሉት 9 ሜትር ይራቃል። ኃላፊው ሰማዩንና ሜዳውን አይቶ ከ5 ጀምሮ ወደ ታች ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሮኬቱ ሳይነሣ ቢቀር ቁልፏ ተነቅላ 60 ሰከንድ ሙሉ ማንም አይጠጋውም። ከነፋስ ጋር የተያያዘ ገደብም አለ፤ ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ ማስወንጨፍ የለም። አሥር ተማሪዎች ጓጉተው ቆመው ሳለ ያችን አንዲት ደቂቃ መጠበቅ ከባድ ነው፤ የክበቡ ብርታት የሚለካውም በዚህች ደቂቃ ነው።

ትምህርቱም ያለው ከእሳቱ በፊትና በኋላ ነው። በሞተሩ ላይ «ሲ6-5» ተብሎ ቢጻፍ ፊደሉ የጠቅላላ ጉልበቱን መደብ ይነግራል፤ እያንዳንዱ ፊደል ከሚቀድመው እስከ እጥፍ ይደርሳል። 6 አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው፤ 5 ደግሞ ግፊቱ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ይበር እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ እንደገባበት ሚዛኑ ላይ ገመድ ታስሮ በራስ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ አፍንጫው ወደፊት ከቀደመ ክንፎቹ በቂ ናቸው። ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ቆሞ የግሪሳ ወፍን በወንጭፍ የሚከላከል የራያ ልጅ ይህን የክንድ ሥራ ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። ከፍታውን ለመለካት ከዘንጉ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ተማሪ ፕሮትራክተር፣ ክርና ጠጠር ይበቃዋል። ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ከሆነ ከፍታው 100 ሜትር ነው፤ 60 ዲግሪ ከሆነ 173 ሜትር ገደማ። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትርን ስለሚያልፍ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከ10 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ሮኬት እዚህ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ፓራሹቱም ትንሽ ፈጥኖ ይወርዳል። የውጭ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከራስ ሜዳ ልኬት ጋር ማስተያየት ጥሩ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

«አገሪቱ ይህን ከማሰቧ በፊት ስንት ነገር አለባት» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይሁንና የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተ 20 ዓመት አልፎታል፤ እንጦጦ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይትም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቃለች። ተማሪው ሳተላይቷን በቴሌቪዥን አይቷል፤ ለምን ወደ ላይ እንደሄደች በእጁ የሞከረበት አጋጣሚ ግን ጥቂት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ ሰዎች ልዩ መነጽር ይዘው ሲመለከቱ ነበር። ዓይን የሚያጠፋን ነገር ደንቡን ጠብቆ በደኅና ማየት እንደሚቻል ሰሜን ወሎ በዚያ ቀን ቀምሶታል።

የሜዳው ጥያቄ የበለጠ ክብደት አለው። በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ከፍታ መካከል የተዘረጋው ሜዳ ሰፊና ዛፍ የሚበዛበት ስላልሆነ ከሩቅ ሲታይ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ባዶ አይደለም። ማሽላው ከታጨደ በኋላ አገዳው ለከብት መኖና ለማገዶ ይከመራል፤ አንድ ፍንጣሪ የአንድን ቤተሰብ የበጋ መኖ ሊያወድም ይችላል። በከርሰ ምድር ውኃ የሚለማው መሬት ደግሞ በበጋም ሽንኩርትና ቲማቲም ይዟል። ሮኬት ከ200 ሜትር ከፍታ በሰከንድ 5 ሜትር እየወረደ ነፋሱም በሰከንድ 5 ሜትር ቢነፍስ 200 ሜትር ርቆ ይወድቃል፤ ይህ የሰው ማሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀኑ የሚመረጠው ከገበሬው ጋር ነው፤ ከመኸር በኋላና የበልግ ዘር ሳይዘራ፣ ከክምር ርቆ፣ የታረሰ ባዶ መሬት ላይ፣ የአስተዳደርና የአቪዬሽን ፈቃድ ከተገኘ በኋላ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ጦርነቱ ነው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ሮኬት በጎንደርና በባሕር ዳር አየር ማረፊያዎች አቅጣጫ ተተኩሷል፤ የራያ ቆላም በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል ውጊያ የተመላለሰበት ምድር ነው። እዚያ ያደገ ልጅ የሚጮህና ከሰማይ የሚወርድ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያልፈነዳ ተተኳሽ እንዳይነካም ተነግሮታል፣ ሊነገረውም ይገባል። ያንኑ ልጅ «ሮጠህ የወደቀውን አምጣ» ማለት የዳነበትን ምክር ማፍረስ ነው። ሞዴል ሮኬት ወረቀት ነው ማለት ለዚህ መልስ አይሆንም፤ አደጋው ሮኬቱ ከሚወድቅበት አፈር ነው። መሬቱ በባለሙያ ተፈትሾ ንጹሕ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የባሩድ ሞተር የሚያስወነጭፍ ክበብ እዚያ መጀመር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ነው የውኃ ሮኬት በትምህርት ቤት ግቢ የተሻለ ጅማሮ የሚሆነው። የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ ውኃ ይሞላል፤ አፉ ተደፍኖ በብስክሌት መንፊያ አየር ይታመቅበታል፤ ሲለቀቅ ውኃው ወደ ታች፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ስሱ ሃይላንድ ለዚህ አይሆንም፤ የለስላሳው ጠርሙስ የጋዝን ግፊት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ይህ ሮኬት አይባልም የሚሉ አሉ፤ ሕጉ ግን ያው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው፤ ፕሮትራክተሩም፣ የክንፉ ፈተናም አይለወጥም። የታመቀ አየርም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ጠርሙሱ የሚለቀቀው ከርቀት በገመድ ነው፤ ቆጣሪው ከ5 ይጀምራል፤ ያልተነሣ ጠርሙስም አየሩ ከሩቅ ሳይተነፍስለት ማንም አይጠጋውም። አንድ ክበብ ይህን አንድ ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ከጠበቀ ሞተር ለማስመጣት ፈቃድ ሲጠይቅ የሚያሳየው መዝገብ ይኖረዋል፦ የእያንዳንዱ በረራ ቀን፣ ነፋስ፣ ማዕዘን፣ ያልተነሡት ጠርሙሶችና የተሰረዙት ቀናት።